ሕመም የሌለው እብጠት

በአገራችን ስለ ከብት የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። ላም ስትከሳ፣ በሬ ሲያነክስ፣ አህያ ጀርባው ሲላጥ የሚመክር ሽማግሌ በየመንደሩ አይታጣም። ስለ ድመት ግን «ምን ሁና ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ተጠይቆ የሚመልስ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። የድመት አገልግሎት ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ የሚፈጸም ስለ ሆነ ውለታዋ አይታይም። ሕመሟም እንደ ውለታዋ ከሰው ዓይን ተሰውሮ ይኖራል።

እኔ ይህን ነገር ያስተዋልሁት በመምህርነት ተመድቤ በመንጌ በተቀመጥሁበት ጊዜ ነው። መንጌን ያላየ አንባቢ ቢኖር፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከአሶሳ በስተ ሰሜን የሚገኝ ሞቃት ወረዳ ነው። ሕዝቡ በአብዛኛው ቤርታ ነው፤ ማሽላና ኦቾሎኒ ያመርታል፣ የወንዝ ዳር አፈር አጥቦ ወርቅ ያወጣል፣ ቤቱንና አጥሩን በሽመል ይሠራል። ማሽላው ታጭዶ ጎተራ ከገባ በኋላ የሚፈራው ጠላት አይጥ ነው። አይጥ ከምትበላው እህል ይልቅ በሽንቷና በኩሷ የምታበላሸው ይብሳል። ስለዚህ ድመት በመንጌ የቅንጦት እንስሳ አይደለችም፤ የጎተራው ዘበኛ ናት።

ይህ የድመትና የእህል ወዳጅነት ትናንት የተጀመረ አይደለም። ሊቃውንት እንደሚሉት ድመት ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው በመካከለኛው ምሥራቅ የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች እህል ማከማቸት በጀመሩ ጊዜ ነው። በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ገደማ በሆነው መቃብር ውስጥ ከሰው አጠገብ የተቀበረ የድመት አጽም ተገኝቷል። የቤት ድመት ሁሉ ቅድመ አያት የሆነችው የዱር ድመት ዘመዶች ዛሬም በአገራችን ይኖራሉ። በመንጌ ደግሞ አብዛኛው ሰው እስላም ስለ ሆነ ድመት ልዩ ክብር አላት፤ ከነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦች አንዱ ድመት ከመውደዳቸው የተነሣ «አቡ ሁረይራ» ማለት «የድመቷ አባት» ተብለው መጠራታቸውን ሽማግሌዎች ይናገራሉ።

ይሁን እንጂ ማክበር ሌላ፣ ማስታመም ሌላ ነው።

ተከራይቼ የተቀመጥሁበት ግቢ እመቤት፣ እኔ «እማማ» የምላቸው፣ ሁለት ድመቶች ነበሯቸው። አንደኛው ዳማ የሚባል ወንድ ሲሆን ጠበኛ፣ ጆሮው የተተለተለ፣ መንደሩን ሁሉ የሚያስቸግር ነበር። ሁለተኛይቱ ወለላ ትባላለች። ዕድሜዋ ዐሥር ዓመት ያለፈ፣ ብዙ ጊዜ የወለደች፣ ጸጥ ያለች አሮጊት ነበረች። በሰፈሩ ካሉት ድመቶች ግማሾቹ የእርስዋ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው ይባል ነበር።

አንድ ማለዳ ዳማ ግማሽ ፊቱ አብጦ መጣ። ጉንጩ እንቁላል ያህል ሁኖ አንዱን ዓይኑን ጋርዶታል። ሲነኩት ይጮኻል፤ ሥጋ ቢሰጡት አልቀምስም አለ። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። አንዱ «እባብ ነድፎት ነው» አለ። ሌላው «ዓይን ነው» አለ። ሦስተኛው ብረት አግሎ መተኮስ እንደሚሻል መከረ። እኔ ግን ወደ አሶሳ ወስደን ለእንስሳት ሐኪም ብናሳየው እንደሚሻል ተናገርሁ።

እማማ ሳቁ። «ለድመት? እንደ ሰው መኪና ተሳፍሮ?»

«አዎን እማማ፤ እኔ እወስደዋለሁ» አልኋቸው።

ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው አብሬህ ልሂድ፤ ወለላንም እንያዛት» አሉኝ። «ከሆዷ ሥር አንዲት ነገር አለች። ዓመት ሊሆናት ነው። አታማትም፤ አንተም መንገድ ከሄድህ አይቀር ትታይ ብዬ ነው።»

ሁለቱን ድመቶች ከሽመል በተሠራ ክዳን ባለው ቅርጫት ለየብቻ አድርገን ተሳፈርን። ዳማ እስከ አሶሳ ድረስ ሲጮህ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ስለ እርሱ ሲያዝን፣ ወለላ ድምጿን ሳታሰማ ሄደች።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። አስቀድሞ ዳማን አየ። ጉንጩ ላይ ያለውን ጠጉር ላጭቶ ሁለት ትናንሽ የጥርስ ምልክቶች አሳየን። ማደንዘዣ ሰጥቶ እብጠቱን ሲከፍተው ክፉ ሽታ ያለው መግል ወረደ። አጠበው፣ መድኃኒት ወጋው፣ ቀሪውን መድኃኒት ለቀናት እንድንሰጠው አዘዘ። ከዚያም ወለላን ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ጡቶቿን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ። ብብቷን ዳሰሰ። ዝም ብሎ አተነፋፈሷን ቆጠረ። በመጨረሻም በማስመሪያ ለካና ወደ እማማ ዞረ።

«እናቴ፣ ይኸኛው ይድናል» አለ ዳማን እያመለከተ። «የምንነጋገረው ስለዚችኛዋ ነው።»

እብጠቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ነበር። ከሥሩ ከሥጋዋ ጋር ተጣብቋል። በብብቷም ውስጥ ሌላ ጠጣር እጢ ተገኝቷል። ሐኪሙ የጡት ነቀርሳ መሆኑን እንደሚገምት፣ ወደ ሳንባዋም ሳይደርስ እንዳልቀረ፣ በዚህ ጊዜ መቍረጥ ሥቃይ ከመጨመር በቀር እንደማይጠቅማት በትሕትና አስረዳቸው። እማማ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «መቼ ባመጣት ነበር የሚሻል?»

«ባቄላ ያህል ሳለ» አለ ሐኪሙ።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ቃል ነው። ሁላችን የምንፈራው ትልቁን፣ ትኩሱን፣ የሚያስጮኸውን እብጠት ነው። በድመት ገላ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ድንገት የሚያብጠውና የሚያመው መግል ሲሆን፣ ቀስ ብሎ የሚያድገውና የማያመው ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ሕመም የእብጠት መለኪያ አይደለም።

ምክንያቱን ላስረዳ። የድመት ጥርስ ቀጭንና ሹል ስለ ሆነ ሲነክስ እንደ መርፌ ጠልቆ ይገባል። ላይኛው ቆዳ በቶሎ ይገጥማል፤ ከአፍ የገባው ተሐዋስ ግን ከሥር ተዘግቶበት ይቀራል። ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መግል ይቋጥራል፤ ድመቷ ትተኩሳለች፣ ምግብ ትተዋለች። ይህ ዓይነቱ እብጠት በጉንጭ፣ በእግርና በጅራት ሥር ይበዛል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያገኘው የሚጣሉ ወንዶችን ነው። ተከፍቶ ከታጠበና ተገቢው መድኃኒት ከተሰጠው ብዙውን ጊዜ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይድናል። ዳማም በሳምንቱ ወደ ጠቡ ተመለሰ።

የጡት እብጠት ግን ሌላ ነው። ሴት ድመት ብዙ ጊዜ ስምንት ጡት አላት፤ በሁለት መስመር አራት አራት ሁነው ከደረቷ እስከ ብሽሽቷ ይወርዳሉ። በእነዚህ ላይ ከሚወጡት ዕጢዎች ከዐሥሩ ስምንት ወይም ዘጠኝ ያህሉ ክፉ ነቀርሳ ናቸው። ስለዚህ «ምናልባት ደህና ይሆናል» ብሎ መጠበቅ እዚህ ላይ አይሠራም። ከ2 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ድመቶች ብዙዎቹ ከሦስት ዓመት በላይ ይኖራሉ። 3 ሴንቲ ሜትር ካለፈ በኋላ ግን የብዙዎቹ ዕድሜ በወራት የሚቈጠር ነው። እንግዲህ በ2ና በ3 ሴንቲ ሜትር መካከል ያለችው የአንድ ጣት ጥፍር ስፋት እንኳ የማትሞላ ልዩነት፣ የድመቷ ዕድሜ ናት ማለት ይቻላል። መከላከያውም ይታወቃል፤ ስድስት ወር ሳይሞላት የተኰላሸች ሴት ድመት በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድሏ በ90 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ካደገች በኋላ ሲሆን ግን ጥቅሙ እየመነመነ ይሄዳል።

ሌሎችም እብጠቶች አሉ። የጠገበ መዥገር ራሱ ለማያውቅ ሰው እንደ ኪንታሮት ይመስላል። ከቆዳ በታች ውኃ ወይም ቅባት የቋጠረ ከረጢት አለ፤ ይህ ብዙ ጊዜ አይጎዳም። በአፍሪካ ሞቃትና እርጥብ አገሮች ደግሞ እጭዋ ከቆዳ ሥር ገብቶ የሚያድግ ዝንብ አለች፤ የዚህ ምልክቱ ብጉንጅ የሚመስል እብጠት ሁኖ መካከሉ ላይ እጩ የሚተነፍስባት ትንሽ ቀዳዳ መኖሯ ነው። ነጭ ጠጉር ያላቸው ድመቶች በተለይ እንደ መንጌ ባለ ፀሐይ በሚበረታበት አገር በጆሯቸው ጫፍ፣ በአፍንጫቸውና በዓይናቸው ቆብ ላይ ነቀርሳ ይወጣባቸዋል። ይህኛው ሲጀምር እብጠት እንኳ አይመስልም፤ ቅርፊት እየያዘ የማይድን ትንሽ ቍስል ነው።

ክትባት ወይም ሌላ መርፌ በተወጋበት ቦታ አልፎ አልፎ ትንሽ እብጠት ይታያል። ይህ በአብዛኛው በራሱ ይጠፋል። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነቀርሳ ሊወጣ እንደሚችል በእንግሊዞች አቈጣጠር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ስለ ታወቀ፣ ሐኪሞች ሦስት ቍጥር እንድናስታውስ ይመክራሉ። ይኸውም ከመርፌው በኋላ 3 ወር ከቈየ፣ ወይም ከ2 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ወይም 1 ወር ካለፈ በኋላም እያደገ ከሄደ መመርመር አለበት። ይህ ነገር እጅግ ጥቂት በሆኑ ድመቶች ላይ ብቻ የሚደርስ ስለ ሆነ ማንም ሰው ስለዚህ ብሎ የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት መተው የለበትም።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ መካከል በዓይን አይቶ መለየት ይቻላልን? አይቻልም። ሐኪሙም ራሱ በዓይኑና በጣቱ ብቻ አይፈርድም። በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ውስጥ ጥቂት ስቦ በመስተዋት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ያየዋል፤ ይህ ካልበቃ ከሥጋው ቈርጦ ያስመረምራል። ከባለቤቱ የሚፈለገው መፍረድ አይደለም፤ መቼ እንደ ታየ፣ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደ ሆነ ማወቅ ነው።

ይህንም ለማድረግ መማር አያስፈልግም። ድመቷ ጭንህ ላይ ተኝታ ስታንጐራጕር በሳምንት አንድ ቀን ከራሷ እስከ ጅራቷ፣ ከብብቷ እስከ ብሽሽቷ በጣትህ ዳሰስ አድርጋት። አዲስ ነገር ካገኘህ ቀኑን ጻፍ፣ በማስመሪያ ለካው። ዛሬ ስልክ በየእጁ ስላለ ማስመሪያውን አጠገቡ አድርገህ ፎቶግራፍ አንሣው፤ ሐኪሙ ሩቅ ቢሆን ይህ ፎቶግራፍ ብዙ ነገር ይነግረዋል።

ጊዜውን በሚመለከት በሦስት መክፈል ይቻላል። የሚያመው፣ የሚተኩሰው፣ መግል ወይም ደም የሚወጣው፣ ዓይንን ወይም አፍን የሚጋርድ እብጠት፣ ወይም ከእብጠቱ ጋር ድመቷ አንድ ቀን ሙሉ ምግብ ከተወች ወይም መተንፈስ ከቸገራት በዚያው ቀን መሄድ ነው። በጡት ላይ የተገኘ ማንኛውም ጠጣር ነገር፣ ምንም ሽምብራ ቢያህል፣ ወሩን ሳይጠብቁ በሳምንቱ ውስጥ ማሳየት ነው፤ የማይድን ቍስልና እያደገ የሚሄድ እብጠትም እንደዚሁ። ሌላው ትንሽና ጸጥ ያለው እብጠት አንድ ወር ከቈየ ወይም 1 ሴንቲ ሜትር ከሞላ፣ እርሱም ይታይ።

መደረግ የሌለበትም አለ። በጋለ ብረት መተኰስ፣ በጭራ አስሮ እስኪወድቅ መጠበቅ፣ በምላጭ መክፈት፣ መግሉን መጭመቅ ሁሉ ጕዳቱ የበዛ ነው፤ የታሰረው ወይም የተተኰሰው ነቀርሳ ቢሆን ሥሩ ከውስጥ ይቀራል። የሰው መድኃኒት ለድመት መስጠት ከዚህም ይከፋል። ለሰው ራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞል አንዲት ፍሬው ብቻ ድመት ይገድላል። ለከብት መዥገር የሚረጨው መድኃኒትም እንዲሁ ድመትን ሊመርዝ ይችላል፤ ድመት ገላዋን የምትልስ ስለ ሆነች የተቀባችውን ሁሉ ትውጠዋለችና። ደግሞም የነከሳት እንስሳ ካልታወቀ የእብድ ውሻ በሽታ ያሠጋል፤ ቍስሏን በባዶ እጅ መንካት አይገባም። ሰውን ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቦታውን በውኃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ያህል አጥቦ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

«ይህ ሁሉ ለድመት?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። የሚጠይቅበት ምክንያት አለው። የአገራችን የእንስሳት ሕክምና የተወለደው ከከብት እልቂት ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት ፈጅቶ ሕዝቡን ለረኃብ የዳረገበትን ዘመን አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለውታል። በደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ፋኵልቲ በ1972 ዓ.ም. ሲከፈትም ዋናው ሐሳብ በሬውና ላሟ ነበሩ። ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ የእኛም አገር ሐኪሞች ድካም በዚያ ውስጥ ነበረበት። ዛሬ በአሶሳም የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። እንግዲህ ባለሙያው በወረዳው ሲዞር የሚጠራው ለከብትና ለፍየል ቢሆን አያስደንቅም። ነገር ግን ያ ባለሙያ ስለ ድመትም ተምሯል፤ ካልጠየቅነው በቀር ድመት እንዳለን በምን ያውቃል? በመንጌ ባለሙያው ለክትባት በሚመጣበት ቀን ፍየሉን ይዞ የሚሰለፍ ሰው ድመቱንም በቅርጫት ይዞ ቢሰለፍ ተጨማሪ መንገድ አይሄድም።

ወለላ እስከ ጥቅምት ኖረች። ሐኪሙ እንዳለው እማማ ከምድጃው አጠገብ ለስላሳ ጨርቅ አነጠፉላት፣ ሥጋ እያደቀቁ አበሏት፤ መብላት ባቃታት ጊዜም ሳትሠቃይ እንድትሄድ ባለሙያውን አስጠርተው በመርፌ አሳረፏት። ግቢው ውስጥ ከማንጎው ዛፍ ሥር ቀበርናት። ዳማ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ፊቱ አብጦ መጥቶ ሁለት ጊዜ ድኗል።

እማማ ዛሬ የወለላን የልጅ ልጆች ዓርብ ዓርብ ከጸሎት ሲመለሱ ተራ በተራ እያገላበጡ ይዳስሳሉ። ጎረቤቶቻቸውም መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ግን የየራሳቸውን ይዘው መጥተው «እስቲ እርስዎ እዩልን» ማለት ጀመሩ። ባለፈው ዓመት ከጎረቤት ድመት ጡት ላይ ኦቾሎኒ የማታህል ጠጠር አገኙ። ድመቷ በዚያው ሳምንት ተሳፍራ ሄዳ ተቈረጠላት፤ ይህን እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ ጎተራ ትጠብቃለች።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ሌላም ምሳሌ አላቸው፤ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም»። ሰው በሽታውን የሚሸሽገው አፍሮ ወይም ፈርቶ ነው። ድመት ግን የምትሸሽገው ተፈጥሮዋ ስለ ሆነ ነው፤ በዱር የደከመ እንስሳ ይበላልና። ስለዚህ እርስዋ የሸሸገችውን ፈልጎ የማግኘት ዕዳ የባለቤትዋ ነው። ዕዳውም ቀላል ነው፦ በሳምንት አንድ ጊዜ አምስት ደቂቃ፣ አንድ እጅ፣ አንድ ማስመሪያ።